ቤቱን ያየልን መሐንዲስ ምስጡን ሳያይ ሲቀር፦ ካሣ ለመጠየቅ የሚረዳ መመሪያ ከጅማ

ጅማ ላይ ቤት ያለው ሰው ስለ ሁለት ነገር ማውራት አይሰለቸውም፤ ስለ ዝናብና ስለ ምስጥ። ሁለቱ ዘመድ ናቸው። ዝናቡ መሬቱን ያረጥባል፣ እርጥበቱ ወደ እንጨቱ ይወጣል፣ ምስጡም ተከትሎ ይመጣል።

እኔ ቤት ከገዛሁ ወዲህ ሦስተኛ ወሬ ጨምሬያለሁ። ቤቱን ሳልገዛ በፊት ዞሮ አይቶ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብሎ ፈርሞ የሰጠኝ መሐንዲስ ወሬ። ጉዳያችን በሽማግሌ አልቋል፤ ስሙን ማንሳት አያስፈልግም።

ይህን የምጽፈው መንገዱ ላይ ብዙ ስለተሳሳትኩ ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ጠበቃ የመከረኝን፣ ራፖር ጸሐፊ ያስተካከለልኝንና ራሴ አበላሽቼ የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ።

ከሁሉ በፊት፦ ጥያቄው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ሽማግሌ ወይም ዳኛ ፊት ሲቀርብ «ቤቴን ምስጥ በላው» ብሎ ይጀምራል። እኔም እንደዚያው ጀምሬ ነበር። ቤቱን የበላው ግን ምስጡ ነው እንጂ መሐንዲሱ አይደለም። መሐንዲሱ የሚጠየቀው በሌላ ነገር ነው። ቤቱን ባየበት ዕለት፣ ሙያውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ቢሆን ሊያየው የሚችለውን ነገር ሳያይ ቀርቷል ወይ? ወይስ አይቶ ሳይናገር ቀርቷል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 ስለ ሙያ ጥፋት የሚለው ከዚህ አይርቅም። ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት። ደንቡን ጠብቆ ሠርቶ ነገሩ ሌላ ቢሆን አይጠየቅም። በቸልተኝነት፣ ግዴታውን የማያውቅ እስኪመስል ድረስ ደንቡን ከጣሰ ግን ይጠየቃል።

ስለዚህ አንድ ደብተር ግዙና ሽፋኑ ላይ ይህን ጻፉ፦ «የዚያን ዕለት ምን ይታይ ነበር?» ከዚህ በኋላ የምትሰበስቡት ወረቀት፣ ፎቶና ምስክር ሁሉ ይህን ጥያቄ የሚመልስ መሆን አለበት። የማይመልስ ከሆነ ለወሬ እንጂ ለክስ አይሆንም።

1. ጉዳቱን ያያችሁ ቀን እጃችሁን ሰብስቡ

እኛ ቤት የተገለጠው የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ነው። ማታ መብራት ስናበራ ክንፍ ያለው ምስጥ ከኩሽናው በር መቃን ሥር እየወጣ አምፖሉን ከበበው። ጠዋት ወለሉ ላይ የቀረው ክንፍ ብቻ ነበር፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ። ልብ በሉ፣ ክንፋም ምስጥ ከውጭም በመብራት ተስቦ ሊገባ ይችላል። ከራሱ ከእንጨቱ ወይም ከግድግዳው ሲወጣ ካያችሁት ግን እዚያው ሰፍሯል ማለት ነው። ከየት እንደወጣ ያኔውኑ ቪዲዮ አንሱ፤ በማግስቱ አይገኝም።

ካቻቢቴ አመጣሁና መቃኑን ወጋሁት። እስከ እጀታው ገባ። መቃን መስሎ የቆመው ቀለሙ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ያደረግነውን አታድርጉ። አማቴ «ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለው ናፍጣ በጣሳ አመጡ። እኔ መዶሻ ያዝኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የመቃኑን አንድ ወገን ነቅለን፣ ልስኑን አራግፈን፣ ናፍጣ ደፍተን፣ ፍርስራሹን ጠርገን ጨረስን። ቤቱ ዳነ ብለን ቡና ጠጣን። ከሁለት ሳምንት በኋላ መሐንዲሱ ሲመጣ ያገኘው የፈረሰ ግድግዳ ነው። «ይሄ እኔ ያየሁት ቤት አይደለም» አለ። ምን ይባላል? አልነበረማ።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ከግቢው በር ጀምራችሁ እስከ ተበላው ቦታ ድረስ ሳታቋርጡ ቪዲዮ ቅረጹ። ከዚያ ፎቶ፦ አንድ ከሩቅ ክፍሉ በሙሉ እንዲታይ፣ አንድ ከመካከለኛ ርቀት፣ አንድ ከቅርብ ሜትር ወይም ሳንቲም አጠገቡ አድርጋችሁ። የቅርቡ ፎቶ ብቻውን ዋጋ የለውም። የበሰበሰ እንጨት የማንም ቤት የበሰበሰ እንጨት ሊሆን ይችላል። ፎቶዎቹን በዚያው ቀን ለቤተሰብ በቴሌግራም ላኩ፤ ቀኑና ሰዓቱ አብሮ ይቀመጣል።

ቀጥሎ ለመሐንዲሱ በጽሑፍ መልእክት ላኩለት። ስድብ የለበትም። «ባለፈው ባዩልኝ ቤት የኩሽናው በር መቃን ላይ ምስጥ ተገኝቷል። ሳልነካው መጥተው እንዲያዩት እጠይቃለሁ። እስከ ሐሙስ እጠብቃለሁ።» በቃ። ስልክ ብትደውሉም ከደወላችሁ በኋላ የተባባላችሁትን ጽፋችሁ ላኩለት።

ሳትነኩ ጠብቁ ማለት ግን ጣሪያው እስኪወድቅ ተቀመጡ ማለት አይደለም። የዚያው ሕግ ቁጥር 1802 ተጎጂውም ጉዳቱ እንዳይሰፋ የሚችለውን ያህል እንዲያደርግ ይጠብቅበታል። የሚያሰጋ ነገር ካለ ድጋፍ አቁሙ፣ የሚያፈሰውን ቧንቧ ዝጉ፣ ዕቃ አንሡ፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ያዙ። የጠራችሁት ሰው በሰጣችሁት ቀን ካልመጣ ሁለት ጎረቤት አስቁማችሁ፣ አስቀርጻችሁ ሥራውን ጀምሩ። የተነቀለውን እንጨት ግን አትጣሉ። አንድ ክንድ የሚያህል ቁራጭ በፌስታል አስራችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ከምስጡም ጥቂቱን ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ውስጥ በትንሽ ብልቃጥ ያዙ። ምን ዓይነት ነፍሳት እንደሆነ ለመለየት ይረዳል፤ እንጨት የሚበላው ሁሉ ምስጥ አይደለም፣ ነቀዝም አለ።

2. ወረቀቱን አውጡና ምን እንዳዘዛችሁት አንብቡ

እዚህ አገር «የቤትና የምስጥ መርማሪ» የሚባል ራሱን የቻለ ሥራ የተለመደ አይደለም። ገዢ መሐንዲስ ወይም ፎርማን ይዞ ይሄዳል፤ አንዳንዱም አናጢ ይዞ። ሜልቦርን ያለው የአክስቴ ልጅ ቤት ሲገዛ ግን ሁለት ሪፖርት ነው የተቀበለው። አንዱ ስለ ሕንፃው፣ ሌላው ስለ ምስጥና እንጨት ስለሚበላ ተባይ ሁሉ። አውስትራሊያ ውስጥ ለሁለቱም የወጣ ስታንዳርድ አለ፤ ለቤቱ ኤኤስ 4349.1፣ ለምስጡ ኤኤስ 4349.3 ይባላሉ። ሪፖርቱን ልኮልኝ ሳየው ያስቀናኝ የታየው ነገር አይደለም። ያልታየው ነገር ዝርዝር ነው። የትኛው ግድግዳ በቁም ሳጥን እንደተሸፈነ፣ ከኮርኒስ በላይ የትኛው ጥግ ጋ መድረስ እንዳልተቻለ፣ ለምን እንዳልተቻለ፣ ሁሉም ተጽፏል። እንዲህ ያለው ዝርዝር መርማሪውንም ይጠብቀዋል። አላየሁም ባለበት ቦታ ለተገኘ ምስጥ እሱን መጠየቅ ከባድ ነው።

የእኔ ወረቀት አንድ ገጽ፣ አራት መስመር፣ አንድ ማኅተም ነበር። «ቤቱ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል።» አላየሁም የሚል ቃል የለም። የሚገርመው በኋላ የጠቀመኝ ይኸው ነው። ሁሉን ደህና ያለ ሰው ኋላ «ኩሽናውን አላየሁም» ለማለት አፉ ይያዛል።

የጽሑፍ ውል ከሌላችሁ አትደንግጡ። የአገልግሎት ውል በቃልም ይጸናል፤ ችግሩ ማስረዳቱ ላይ ነው። ስለዚህ የቴሌግራም መልእክቱን፣ ገንዘብ የላካችሁበትን የባንክ ወይም የቴሌብር ማረጋገጫ፣ የሰጣችሁን ደረሰኝ፣ አብሯችሁ የሄደውን ሰው ስም፣ ሁሉንም አንድ ቦታ ሰብስቡ። የሙያ ፈቃዱን ቅጂም ጠይቁት። ፈቃዱ በየትኛው ዘርፍ እንደሆነና በዚያ ጊዜ የታደሰ መሆኑን እዩ።

ገና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ባለሙያውን ከመውሰዳችሁ በፊት ይህን ላኩለት፦ «ነገ 3 ሰዓት ላይ ቤቱን ሲያዩልኝ ከኮርኒስ በላይ ያለውን የጣሪያ እንጨት፣ የበርና የመስኮት መቃኖችን፣ መሬት የነካ እንጨት ሁሉ እንዲያዩልኝ፤ የምስጥ ምልክት መኖር አለመኖሩን ለይተው እንዲጽፉልኝ፤ ሊያዩት ያልቻሉት ቦታ ካለ ከነምክንያቱ እንዲጽፉ እጠይቃለሁ።» «እሺ» ብሎ ከመለሰ ውል ሆነ። ይህችን አንዲት መልእክት ልኬ ቢሆን ኖሮ ከዚህ በታች ያለውን ግማሹን አልጽፈውም ነበር።

3. የዚያን ዕለት ምን ይታይ ነበር?

ክሱ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው።

እውነቱን ለመናገር ምስጥ አንዳንዴ ከላይ ምንም ሳያሳይ የእንጨቱን ሆድ ብቻ ይበላል። እንደዚያ ከሆነ ባለሙያውን መያዣ የላችሁም፤ ጊዜያችሁንም ገንዘባችሁንም ቆጥቡ። ብዙ ጊዜ ግን ምልክት አለ። ከመሬት ተነሥቶ ግድግዳውን ወይም መሠረቱን ይዞ የሚወጣ፣ እርሳስ የሚያህል የአፈር መንገድ። ሲንኳኳ «ጠቅ» ማለት ሲገባው «ድም» የሚል እንጨት። ያበጠ ወይም የተሸበሸበ ቀለም። አልዘጋ ያለ በር። ከሮቶው ሥር ወይም ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ የማይደርቅ ግድግዳ። ግድግዳ ላይ ተደግፎ የከረመ ማገዶ። ግቢው ውስጥ ኩይሳ። በጭቃ ቤት ደግሞ መሬት ውስጥ የተቀበረው የቋሚው እግር፤ በተለይ ባሕር ዛፍ ከሆነ። ጽድና ወይራ ይሻላሉ፤ ባሕር ዛፍ ካልታከመ ምስጥ ይወደዋል።

አሁን ጥያቄው ከእነዚህ የትኛው በዚያ ቀን ነበር የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ አራት ቦታ ፈልጉ። ደላላው የላከላችሁን የሽያጭ ፎቶ። እናንተ ቤቱን ልታዩ ስትሄዱ ያነሣችሁትን። ባለሙያው ራሱ ያነሣውን። ሻጩ ከመሸጡ በፊት ቤቱን ያውቁት የነበሩትን ጎረቤትና ተከራይ።

የእኔን ጉዳይ ያዳነው ሁለተኛው ነው። መሐንዲሱ በመጣበት ቀን ባለቤቴ ኩሽናውን ፎቶ አንሥታ አዲስ አበባ ላለችው እህቷ ልካ ነበር፤ «ካቢኔት ይበቃዋል ወይ?» ለማለት። ጉዳዩ ሊከሽፍ ሲል ያ ፎቶ ትዝ አላት። ስናሰፋው መሐንዲሱ ራሱ ጥግ ላይ ደብተሩን ይዞ ቆሟል። ከጎኑ መቃኑ አለ። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ፣ ከክሬም ቀለሙ ሥር፣ የሽማግሌ እጅ ላይ እንደሚታይ የደም ሥር አንድ ጠማማ መስመር ተነሥቷል።

የሰፈራችን አናጢ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን አዩት።

«ይሄ እኮ መንገዳቸው ነው» አሉ። «ሳይጠርጉ ነው የቀቡበት። አፈሩን ነው የቀቡት።»

ያቺ አንድ ፎቶ ሁለት ነገር ተናገረች። አንደኛ፣ ምስጡ ቤቱ ከመቀባቱ በፊት ነበር፤ ቤቱ ደግሞ የተቀባው ለሽያጭ ነው። ሁለተኛ፣ መስመሩ በዚያ ቀን ከመሐንዲሱ ክርን አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ይታይ ነበር።

መሐንዲሱ መጀመሪያ ያለውን ልንገራችሁ፤ እናንተም ትሰሙታላችሁና። «አንተም እኮ አይተኸዋል፤ ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞረሃል።» መልሱ ቀላል ነው። አይቼዋለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ገንዘብ የከፈልኩት የሚያውቅ ዓይን ለመከራየት ነው። ይህን በእርጋታ ተናገሩት። እኔ ጮኬ ነበር የተናገርኩት፤ ሽማግሌዎቹ አልወደዱልኝም።

4. ሁለተኛ ባለሙያ

«ተበልቷል» የሚል ሁለተኛ ወረቀት አያስፈልጋችሁም፤ መበላቱን ሁሉም ያያል። የሚያስፈልገው በደብተራችሁ ሽፋን ላይ ያለውን ጥያቄ የሚመልስ ወረቀት ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቻችሁን ጽፋችሁ ስጡት። ጉዳቱ በግምት ምን ያህል ጊዜ የቆየ ነው? ትክክለኛ ዕድሜ ማንም አይነግራችሁም፤ «ቤቱ ከታየበት ቀን በፊት የጀመረ ነው» ካለ ይበቃል። በዚያ ቀን በተነሣው ፎቶ ላይ ምን ምልክት ይታያል? ተራ ጥንቃቄ ያለው ባለሙያ እንዲህ ያለ ምልክት ሲያይ ምን ያደርጋል? ለማስተካከል ምን ምን መቀየር አለበት?

የመጀመሪያውን ሰው ተፎካካሪ አትምረጡ፤ ጓደኛውንም አትምረጡ። ቢጠራ መጥቶ ለመመስከር ፈቃደኛ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጅማ ላይ በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኪቶ ፉርዲሳ ነው፤ ስለ ግንባታው የሚጠየቅ መምህር ከዚያ አይጠፋም። ስለ ነፍሳቱ ደግሞ የግብርና ኮሌጁን ሰዎች ጠይቁ። ብልቃጧን ይዛችሁ ሂዱ።

5. ማን ላይ?

ቤቱን ያየው ባለሙያ አንዱ ነው። ሻጩ ሌላው ነው፤ በተለይ እንደ እኛ ቤት ጉድለቱን በቀለም የሸፈነ ከሆነ። ሻጩን በቶሎ፣ በጽሑፍ አሳውቁት። ስለ ተደበቀ ጉድለት የሚነሣ ጥያቄ ዘግይቶ ሲመጣ ይዳከማል። ሁለቱን አንድ ላይ መጠየቅ ይቻላል። የሁለቱ ጥፋት ግን ለየቅል ስለሆነ በደብዳቤውም በክሱም ለየብቻ ግለጹት፦ ይሄ ደበቀ፣ ያ አላየም።

የምስጥ መድኃኒት የረጨ ሰው ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱ የሚጠየቀው ባላየው ሳይሆን በገባው ቃል ነው። «ለአምስት ዓመት አይመጣም» ብሎ ከጻፈ ያንን ወረቀት ያዙ።

ቤቱ አዲስ ሆኖ ችግሩ የግንባታው ከሆነ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጩን ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል። ያ ከምርመራ ጉዳይ ይልቅ የጠነከረ መንገድ ነው፤ ካላችሁ በእሱ ሂዱ።

ደላላውን እርሱት። ስልኩን ቀይሯል።

6. ጉዳቱን በብር ቁጠሩት

ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስቡ። የእንጨቱን፣ የልስኑን፣ የቀለሙን፣ የመድኃኒቱን፣ የእጅ ዋጋውን ለያይተው እንዲጽፉ አድርጉ። በጥቅል «ጥገና» ብሎ ትልቅ ቁጥር የጻፈ ወረቀት ማንም አያምነውም።

እዚህ ላይ እኔ ስስታም ሆኜ ተዋረድኩ። የኩሽናው የኋላ ግድግዳ ጭቃ ነበር። «እግረ መንገዴን በብሎኬት ላሠራው» ብዬ የብሎኬቱን ሒሳብ ጨመርኩበት። አንደኛው ሽማግሌ ወረቀቱን አገላብጠው «ልጄ፣ የጭቃ ቤት ገዝተህ የብሎኬት ቤት ካሣ ትጠይቃለህ?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ትክክለኛ ቁጥሬን ለማሳመን ሁለት እጥፍ ለፋሁ።

የምትጠይቁት ባለሙያው ሥራውን በአግባቡ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ የማይደርስባችሁን ነው። በሁለት መንገድ ይታያል። አንዱ የጥገናው ወጪ ነው። ሌላው የዋጋ ልዩነት ነው፤ ምስጡ ቢነገራችሁ ኖሮ ከሻጩ ጋር ስንት ታወርዱ ነበር? ሁለቱን መደመር አይቻልም። አንዱን ምረጡ። ለሁለተኛው ባለሙያ የከፈላችሁትንና ድጋፍ ለማቆም ያወጣችሁትን ከነደረሰኙ ጨምሩበት።

7. የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ

ከክስ በፊት ማስጠንቀቂያ ይላካል፤ መነሻው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። መቼ ምን እንዲሠራ እንዳዘዛችሁት፣ ምን ብሎ እንደጻፈ፣ መቼ ምን እንደተገኘ፣ በዚያ ቀን ምን ይታይ እንደነበር፣ ስንት ብር እንደምትጠይቁ፣ በስንት ቀን እንዲመልስ እንደምትፈልጉ። ፎቶውንና የሁለተኛውን ባለሙያ ወረቀት ቅጂ አባሪ አድርጉ። ዋናውን በፍጹም አትስጡ። በሬኮማንዴ (በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ) ላኩት፤ ወይም በእጅ ስትሰጡ ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ከነቀኑ ይፈርም።

ደብዳቤው ውስጥ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «የሙያ ኃላፊነት መድን ካለዎት ለመድን ድርጅትዎ እንዲያሳውቁ እጠይቃለሁ።» ብዙዎቹ የላቸውም። ካለው ግን ጥያቄው ሲደርሰው ወዲያው ማሳወቅ አለበት፤ ካዘገየ መድን ድርጅቱ ልከፍል አይገባኝም ሊል ይችላል። መድን ያለው ሰው ድንገት ዝም ቢላችሁም ንቀት አድርጋችሁ አትውሰዱት። ድርጅቱን ሳያማክር «አጥፍቻለሁ» ማለት በመድን ውሎች የተለመደ ክልክል ነው። እሱ ዝም ያለው ከውሉ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ደብዳቤ ጻፉ፣ በሩ ላይ ሄዳችሁ አትጩኹ።

8. ሽማግሌ

ጅማ ላይ ነገር ወደ ጃርሱማ፣ ማለትም ወደ ኦሮሞ የሽማግሌ ዕርቅ፣ ሳይሄድ ፍርድ ቤት ቢገባ እንደ ነውር ይታያል። ደግሞም ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ሽማግሌ ጥሩ ነው። መሐንዲሱ ስሙን ይፈልገዋል፤ እናንተ ጣሪያችሁን ትፈልጋላችሁ። ሁለታችሁም የምታጡት ነገር አለ።

አንድ ምክር ብቻ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንጨት የሚያውቅ ይሁን። እኛ አናጢውን ጋሼን ጨመርናቸው፤ መሐንዲሱም እሺ አለ። የመቃኑን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው ሲጫኑት ዱቄት ሆኖ ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ ረጅም ክርክር አልነበረም።

9. ካልሆነ ፍርድ ቤት

ጊዜውን ቁጠሩ። ባለሙያውን ያዘዛችሁት እናንተ ከሆናችሁ ጉዳዩ የውል ነው፤ የይርጋ ጊዜው፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ በቁጥር 1845 መሠረት 10 ዓመት ነው። ከእናንተ ጋር ውል ከሌለው፣ ለምሳሌ ሻጩ ያስመጣው ከሆነ፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት ነው፤ በቁጥር 2143 ያላችሁ 2 ዓመት ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ካልለየላችሁ በሁለት ዓመቱ ሂዱ።

ክሱ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ነው። በጅማ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። ክሱ በአፋን ኦሮሞ ይጻፋል፤ የአማርኛ ውላችሁንና ሪፖርታችሁን አስተርጉሙ። ቋንቋውን በደንብ ካልቻላችሁ በችሎት አስተርጓሚ ጠይቁ። ትርጉሙን ለሚጽፈው ሰው «መቃን»ን፣ «ወራጅ»ን፣ «ማገር»ን በእጃችሁ እያሳያችሁ አስረዱት። የእኔ ረቂቅ ላይ መቃኑ በር ሆኖ ተተርጉሞ ነበር፤ በሩ ደግሞ ብረት ነው።

ከክሱ ጋር የማስረጃ ዝርዝር፣ የምስክሮች ስምና አድራሻ ይያያዛል። ያልዘረዘራችሁትን ኋላ ማስገባት ያስቸግራል። የዳኝነት ክፍያ አለ፤ አቅም የሌለው በደሃ ደንብ እንዲከስ ማመልከት ይችላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ጎራ በሉ። ፍርድ ቤቱ ራሱ ባለሙያ መድቦ ቤቱን ሊያሳይ ይችላል። የነቀላችሁትን እንጨት ያስቀመጣችሁት ለዚያ ቀን ነው።

10. ስምምነቱን ጻፉት

ሽማግሌ አስታረቀ ብላችሁ ተቃቅፋችሁ አትለያዩ። ስንት ብር፣ በስንት ጊዜ፣ በየትኛው ቀን፣ አንዱን ክፍያ ቢያሳልፍ ምን እንደሚሆን፣ ሁሉም ተጽፎ፣ ሁለታችሁም ሽማግሌዎቹም ፈርመው፣ ለየእጃችሁ አንዳንድ ቅጂ። ከሻጩ ጋር ያላችሁ ጉዳይ ካላለቀ «ይህ ስምምነት ከሻጩ ላይ የምጠይቀውን አይነካም» የሚል መስመር አስገቡ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገብቶ ከሆነ የታረቃችሁ መሆኑን ለችሎቱ አቅርባችሁ አስመዝግቡት፤ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

የእኛው መሐንዲስ የሁለት መቃንና የኩሽናውን ጣሪያ እንጨት ዋጋ በሦስት ጊዜ ሊከፍል ተስማማ። የብሎኬቱን ሳይጨምር። ሁለቱን በቀኑ ከፍሏል። ጋሼ አዲሱን መቃን ሲተክሉ ከሥሩ ድንጋይ አነጠፉ፣ እንጨቱ አፈር እንዳይነካ። አሮጌውን ቁራጭ ፌስታሉ ውስጥ አይተው «ይሄን ልማግደው?» አሉኝ። ሦስተኛው ክፍያ ለሚቀጥለው ወር ነው። ይቆይ አልኳቸው።